ጀርባቸውን ሰጥተው የረዱኝ

ብስክሌት ሰው ይበላል። ይህን የምለው ሰምቼ ሳይሆን ተበልቼ ነው። ዕድሜያችሁ ከአርባ አምስት የዘለለ፣ ሰፊ ቀሚስ የምትወዱ፣ «ብስክሌት አንዴ ከተማሩት አይረሳም» የሚለውን ወሬ ያመናችሁ እህቶቼ ካላችሁ ሥራችሁን አስቀምጡና ትንሽ አድምጡኝ። ይረሳል። በደንብ ይረሳል። እኔ እንዲያውም መጀመሪያውንም የማውቀው አይመስለኝም፤ በልጅነቴ የወንድሜ ብስክሌት ላይ ሦስት ጊዜ ወጥቼ ሦስቱንም ጊዜ ያረፍኩት ጎረቤት አጥር ላይ ነበር።

ነገሩ የሆነው ጅጅጋ ላይ ቤንዚን በጠፋ በስምንተኛው ቀን ነው። ባጃጆቹ ማደያው በር ላይ ተኮልኩለው፣ ሾፌሮቹ እውስጣቸው እግራቸውን ወደ ውጭ አንጠልጥለው ተኝተው፣ ከተማዋ ጭጭ ብላለች። ባጃጅ የሌለባት ጅጅጋ ምን እንደምትመስል ላላያችሁ ልንገራችሁ፤ የራሳችሁ ጫማ ድምፅ ይሰማችኋል። ፍየሎች መሀል አስፋልት ላይ ተጋድመው ያመሰኩ ነበር፤ የሚያስነሳቸው ስለሌለ ማዘጋጃ ቤት የመራቸው ቦታ ይመስል ነበር።

በዚህ መሀል የሳህራ አባት ሞቱ።

ሳህራ የሥራ ባልደረባዬ ናት። መዝገብ ቤት ውስጥ ፊት ለፊት በተቀመጡ ሁለት ጠረጴዛዎች ላይ አሥራ አራት ዓመት ስንተያይ ኖረናል። ከባለቤቴ ጋር እንኳን ይህን ያህል አልተያየንም፤ እሱ የሚሠራው ደወሌ ጉምሩክ ስለሆነ የማገኘው በወር አንዴ ነው፤ ያውም ሲመጣ ይተኛል። እናቴ የሞተች ጊዜ ሳህራ ሦስት ቀን ሙሉ ከቤቴ አልጠፋችም። ጓዳ ገብታ ሽንኩርት ስትልጥ ውላ ዓይኗ ከማበጡ የተነሳ፣ ለቅሶ የመጣው ሰው እኔን ትቶ እሷን «እግዜር ያጽናሽ፤ እናትሽ ነበሩ?» ይላት ነበር። እሷም ቢላዋዋን እንደያዘች «አዎ» ትል ነበር።

የአባቷን መርዶ የሰማሁት ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ቀብሩ ሐሙስ ዕለቱን ተፈጽሟል። ለቅሶ የተቀመጡት ደግሞ ከከተማ ወጣ ብሎ በቶጎ ውጫሌ መንገድ ላይ ባለች የአባቷ መንደር ሲሆን፣ ቅዳሜ ሦስተኛውና የመጨረሻው ቀን ነው። ከቀትር ሰላት በኋላ ሰው ይበተናል። ቢሮ ተሰብስበን ተመካከርን። ምክክሩ አጭር ነበር። «መኪና የለም፤ ሰኞ ስትመጣ እናጽናናታለን» ተባለ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅሁ።

ቤቴ ስገባ ግን ያን ራስ መነቅነቄን ሳስብ አመሸሁ። ለቅሶ ሰኞ ይደረሳል? ያውም ቢሮ? በመግቢያ ደብተር ላይ ፈርመን?

ያን ጊዜ ነው ዓይኔ ብስክሌቱ ላይ ያረፈው። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ሲሄድ በረንዳ ላይ ትቶት የሄደ፣ እኔም የታጠበ ካልሲ ሳሰጣበት የከረምኩ ብስክሌት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ካልሲዎቹን አነሳሁና ባለቤቴ ዘንድ ደወልኩ።

«በብስክሌት ልሄድ ነው» አልኩት።

«በማን ብስክሌት?»

«በልጃችን።»

«በማን እግር?»

ጎማውን በጣቴ ጫን ጫን አድርጌ አየሁ። ትንሽ አሰበና «እስቲ አስቢው፤ ሰው ምን ይላል?» አለኝ።

«ለቅሶ ስቀር ነው ሰው ምን የሚለው» ብዬ ዘጋሁበት። ስዘጋበት ቆራጥ እመስል ነበር፤ እውነቱን ብነግራችሁ ግን ብስክሌቱን ከበረንዳ ሳወርደው ሁለት ጊዜ መልሼ አቁሜዋለሁ።

የለበስኩት ራሷ ሳህራ የሰጠችኝን ጥቁር ድሪያ ነው። ድሪያ ለማታውቁት፣ ሁለት ሰው ተመካክሮ ሊገባበት የሚችል ሰፊና ስስ ቀሚስ ነው። ነፋስ ሲያየው ሌላ ሥራውን ትቶ ይመጣል። ከላይ ጥቁር ሻርፕ፣ ከሥር ደግሞ ጉልበቴ ድረስ የሚደርስ ታይት አድርጌያለሁ። በማደያው በኩል ሳልፍ አንዱ ባለ ባጃጅ ከእንቅልፉ ቀና አለ፤ አየኝ፤ ዓይኑን አሸት አሸት አድርጎ ደገመኝ። ከዚያ ጡሩምባውን ነፋ። ጎረቤቱም ነፋ። ሰልፉ ሁሉ ነፋ።

«ኢዶ! በሊትር ስንት ትሄዳለች?» አለኝ አንዱ። ኢዶ እዚህ አገር እንደ እትዬ ያለ የአክብሮት መጠሪያ ነው። ዞሬ አላየሁትም፤ ዓይኔን ከመንገዱ ካነሳሁ ወዴት እንደምሄድ አላውቅማ።

ከከተማው ከወጣችሁ በኋላ የውጫሌ መንገድ ሜዳ ነው። ሜዳ ስል፣ እግዜር ሲፈጥረው ካራማራ ተራራ ላይ ደክሞት የቀረውን በእጁ ደልደል ያደረገው ነው የሚመስለው። አንድ ሰዓት ያህል ሄድኩ። አልወደቅሁም። አንድ ጊዜ እንዲያውም የጫነች አህያ ቀደምኩ። በዚህ ጊዜ ኩራት በራሴ በኩል፣ ነፋስ በድሪያዬ በኩል ገቡብኝ።

ድሪያው ተነፋ። ግራውን አየሁት፤ ደህና ነው። ቀኙን ሳየው ጫፉ ሰንሰለቱ ላይ እየተወዛወዘ ነበር። «ኧረ ተው!» አልኩት። ለማን እንዳልኩት አላውቅም። ሰንሰለቱ ሲጠብቅ የኖረ ይመስል አንዴ ጎረሰው፤ ብስክሌቱ ቀጥ ብሎ ቆመ። ቀኝ እግሬ ፔዳሉ ላይ ቀረ፤ ግራው መሬት ነካ። ወደ ፊት ስረግጠው ይውጣል፤ ወደ ኋላ ስመልሰው ያላምጣል። ስታገል ሰንሰለቱ ከቦታው ወልቆ ከድሪያዬ ጋር ተጠቅልሎ ተሰነቀረና አለቀ። እንዳልቀመጥ ብስክሌቱ ተከትሎኝ ይወድቃል፤ እንዳልቀና ድሪያው ወደ ታች ጎትቶ ይዞኛል። በዚያ ላይ በቀኝ በኩል ያለው ጨርቅ ተሰብስቦ ጉልበቴ ወጥቷል፤ ሻርፔን ባለብሰውም ነፋሱ ይገልጠዋል። ግማሽ ሴት፣ ግማሽ ብስክሌት ሆኜ፣ እንደ ጎበጠች ዛፍ ሜዳው መሀል ቆምኩ። መኪና የለም። ቤት የለም። በስመአብ ወወልድ።

መጀመሪያ የደረሱት ውኃ በበርሜል የጫነ የአህያ ጋሪ የሚነዱ፣ ጢማቸውን በሒና ያቀሉ ሽማግሌ ናቸው። ከጋሪው ወርደው በፍጥነት መጡና አምስት እርምጃ ሲቀራቸው ጉልበቴን አዩ። «አስተግፊሩላህ!» ብለው ፊታቸውን ወደ ሜዳው መለሱ። ሊሄዱ ነው አልኩ። አልሄዱም። ዱላቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ፣ እንደ ዘብ ቆሙ።

«አደር፣ ይሂዱ ግድ የለም፤ ውኃውን የሚጠብቅ ሰው ይኖራል» አልኳቸው በሶማሊኛ፤ አደር አጎቴ እንደ ማለት ነው። እዚሁ ተወልጄ እዚሁ ያረጀሁ ሰው ነኝ። እሳቸው ግን እንግዳ አክባሪ ናቸውና በአማርኛ ነው የመለሱልኝ።

«አንተ ብቻህን ነህ» አሉኝ። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም። «ሴት ነህ። ሴት መንገድ ላይ ብቻህን አይቆምም። ሰው እስኪመጣ እኔ አለሁ። አይዞህ እህቴ።»

በዕድሜዬ ሙሉ «እርስዎ» ካሉኝ ሰዎች መካከል የዚያን ቀኑን «አንተ» ያህል ያከበረኝ አላስታውስም።

ቀጥሎ ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ መጣ፤ የጠፋው ቤንዚን እንጂ ናፍጣ አልነበረም። ሾፌሩ ገና ሳይቆም በሩን ከፍቶ ዘሎ ወረደ፤ በአንድ እጁ ፒንሳ፣ በአንዱ ካቻቢቴ ይዟል። የድሬዳዋ ልጅ መሆኑን አፉን ሲከፍት አወቅሁ።

«አቦ! ምንድነው ይሄ? ቆይ ቆይ፣ አንድ ደቂቃ ነው የሚፈጀው!»

«ዋርያ! ዞር!» አሉት ሽማግሌው ዱላቸውን በአየር ላይ እያወዛወዙ።

«እኔ ብስክሌቱን ነው የማየው፣ አቦ!»

«ብስክሌቱን ስታይ ሌላም ታያለህ።»

ሾፌሩ አሰበበት። «ይሄስ እውነት ነው» ብሎ ከጎናቸው ቆመና እሱም ሜዳውን ማየት ጀመረ። ሥራውን ግን አልተወም፤ ጥገናው በትከሻ በኩል ቀጠለ።

«እናቴ፣ ሰንሰለቱ ከየትኛው ጥርስ ላይ ነው የወጣው?»

«ጥርስ አለው እንዴ?»

«ታዲያ ቀሚስሽን በምን በላው?»

የኋላውን ጎማ ብድግ አድርጊ አለኝ። ብድግ ሳደርገው እኔም አብሬው ብድግ አልኩና ተያይዘን ልንወድቅ ነበር። «በቃ ፒንሳውን ልስጥሽ» አለና ፒንሳውን በኋላው ይዞ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ወደ እኔ መምጣት ጀመረ። «ቀኝ! ግራ! ቀጥ አርገው!» እያልኩ እመራዋለሁ። መኪና ወደ ኋላ ሲያስገባ የኖረ ሰው ነውና ጎበዝ ነበር፤ ብቻ እኔ ቀኝና ግራ ሲጨንቀኝ ይምታታብኛል፤ የመንገዱ ዳር ቦይ ውስጥ ከተትኩት። ተነሳ። አቧራውን ሳያራግፍ፣ ፊቱንም ሳያዞር፣ ፒንሳውን በራሱ ላይ አሳልፎ ወረወረልኝ። ትከሻዬ ላይ አረፈ። አመሰገንኩት።

ፒንሳው ግን ለማያውቅበት እጅ ምን ይሠራል? አንድ ክር ከነጨሁ በኋላ አንዲት ላንድክሩዘር ቆመች። ከውስጧ ቅዳሜ ቀን ሱፍ የለበሰና ክራባት ያሰረ ሰው ከሾፌሩ ጋር ወረደ። ባለ ሱፉ አንድ ጊዜ ብቻ አየን፤ ደንቡ ወዲያው ገባው። የኮቱን ቁልፍ ቆልፎ ከረድፉ ገባና ዞሮ ቆመ። ሾፌሩም ተከተለው።

«እናቴ፣ ለተፈጠረው ሁኔታ እናዝናለን» አለኝ ለሜዳው። «ጉዳዩ በሴት መታየት ያለበት ስለሆነ የሚመለከተውን ክፍል አሁኑኑ አነጋግራለሁ።» ስልኩን አወጣ። «አዎ… አንዲት እናት ከብስክሌት ጋር ተያይዘዋል… አይ፣ ተጋጭተው አይደለም፤ ተያይዘው ነው… አንዲት ሴት ሠራተኛ ብትልኩልን… ቅዳሜ መሆኑን አውቃለሁ… ደብዳቤ? ደብዳቤው ሰኞ ይደርሳችኋል። እስከ ሰኞ ግን እንዴት ሆነው ይቆማሉ?»

መስመሩ ተቋረጠ። እኔ የመዝገብ ቤት ሰው ነኝ፤ ያለ ደብዳቤ ነገር እንደማይንቀሳቀስ ስለማውቅ በማንም አልተቀየምኩም። ይልቅ ያ ክራባት ያሰረ ሰው ፀሐይ ላይ ቆሞ ለእኔ ለማያውቃት ሴት ሲለምን አንገቱ ላይ ላቡ ሲወርድ አይቼ ልቤ ተነካ።

አራት ወንዶች ተደርድረው ባዶ ሜዳ ሲያዩ የተመለከተ መንገደኛ ደግሞ ዝም ብሎ አያልፍም። ሦስት ግመሎች እየነዳ ወደ ጅጅጋ የሚሄድ ሰው መጣና ከረድፉ ጫፍ ቆመ። እጁን ከግንባሩ ላይ አድርጎ እሱም ሜዳውን አየ። አየ፤ አየ።

«የቱ ጋ ነው?» አለ በመጨረሻ።

«ከኋላህ ነው፤ ግን እንዳትዞር» አለው የአይሱዙው ሾፌር።

እዚህ ላይ ሳቅ አመለጠኝ፤ ስስቅ ድሪያው ይበልጥ ተሰነቀረ። ከሳቁ ጋር አንድ ነገር ደግሞ ወጋኝ። ቤንዚን ሳይጠፋ ወደ ሐረር ስሄድ፣ ከሚኒባስ መስኮት አንድ ጎማው የፈነዳበት ባለ ብስክሌት መንገድ ዳር ቁጢጥ ብሎ አይቼ «ውይ፣ ምስኪን» ብዬ ነበር። ያልኩት ይህን ብቻ ነው። አፌ ውስጥ የነበረውን ብርቱካን እንኳን መዋጥ አላቆምኩም። እነዚህ ግን ቆመዋል። ማየት አይችሉም፣ መንካት አይችሉም፣ መሄድ ግን አልሆነላቸውም።

ሰዓቴን ሳይ አራት ሰዓት ሊሞላ ነው። ቀትር ላይ ለቅሶው ይበተናል። አሁን እንባዬ መጣ።

ያኔ ነው የጫቱ መኪና የታየው። ጫት የጫነ መኪና ታውቃላችሁ መቼም። እርጥብ ቅጠል ሸፍኖ እንደ እብድ የሚበር፣ ቢጠወልግብኝስ ብሎ ለነፍሱ የማይሳሳ፣ ድንበሩ ጋ ሰዓት ቆጥሮ የሚጠብቀው ሕዝብ ያለበት ነው። ጡሩምባውን እየነፋ ሲመጣ ረድፉ ሁሉ አንድ እርምጃ ወደ ሜዳው ፈቀቅ አለ። አለፈን። ከዚያ ጎማው ጮኸ። ወደ ኋላ ተመለሰና ሾፌሩ በመስኮት ብቅ ሳይል ጠየቀ።

«ማን ሞተ?»

«የሞተ የለም» አሉ ሽማግሌው። «ሴት ነው፤ ብስክሌት ይዞታል። ሴት ነው የሚያስፈልገን።»

የጫቱ ሾፌር ሞተሩን አስጓራ። ከዚያ የማልተረጉመው አንድ ቃል ተናግሮ ተፈተለከ።

«ሄደ» አለ የአይሱዙው ሾፌር። «ጫት ነው፣ እናቴ፤ አትቀየሚው።»

አሥር ደቂቃ ያህል አለፈ። ይህን ታሪክ ጅጅጋ ውስጥ ሳወራ፣ ብስክሌት እንደበላኝ ያምኑኛል፤ ባለ ሱፍ ሰው ፀሐይ ላይ እንደቆመልኝም በግድ ያምኑኛል። ቀጥሎ ያለውን ስናገር ግን «አሁንስ አበዛሽው» ብለው ይነሳሉ። ጫት የጫነው መኪና ተመልሶ መጣ። ከነጫቱ፣ ከድንበሩ አቅጣጫ፣ ወደ ኋላ። በሩ ተከፈተና አንዲት ደልዳላ ሴት የወተት ጄሪካን በአንድ እጇ፣ የቅቤ ቆርቆሮ በሌላው ይዛ ወረደች። መንገድ ዳር ወተት ስትሸጥ አግኝቷት፣ ከነዕቃዋ አስገብቷት ነው። እሷን አውርዶ፣ አዙሮ፣ በረረ። የዚያን ሰው ፊት እስከ ዛሬ አላየሁትም። የጫቱስ ነገር እንዴት ሆኖ ይሆን?

ወተት ሻጯ አየችኝና ጄሪካኑን አስቀመጠች። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ እስክትል ሳቀች።

«ምን ሆነ? ምን ሆነ?» አለ ረድፉ።

«እንዳትዞሩ!» ብላ ጮኸችባቸው። ተነስታ ከላይ የደረበችውን ሰፊ ሻርፕ አውልቃ ጉልበቴን ሸፈነችልኝና ሰንሰለቱን ጎንበስ ብላ መረመረች። «ይሄ ብስክሌት ስንት ቀን ጾሞ ነው?» አለችኝ በሶማሊኛ።

የአይሱዙው ሾፌር ከወዲያ «መጀመሪያ የኋላውን ብሎን አላዪው በያት!» ይላል። እሷ «ወተት እንዴት እንደሚናጥ እኔ ነግሬሃለሁ?» ትላለች። መቀስ ፈልጎ መቅደድ ቀላል ነበር፤ እሷ ግን «ልብስ ነው እኮ፤ አይቀደድም» ብላ እምቢ አለች። የቅቤ ቆርቆሮዋን ከፈተች፣ አንድ ጭብጥ ሙሉ ዘግና ሰንሰለቱን፣ ድሪያውን፣ እኔንም ሳይቀር ለቀለቀችን። ከዚያ «ቢስሚላህ» እያለች በጣቷ ሳብ፣ ፔዳሉን ወደ ኋላ ነቅነቅ፤ ሳብ፣ ነቅነቅ። ድሪያው ስንዝር በስንዝር ወጣ። ከታች እስከ ጉልበቱ የጥርስ ምልክት ረድፍ በረድፍ ታትሞበታል፤ ቅቤና ግራሶ ጠጥቷል። ሻርፑን ወገቤ ላይ አዙራ አሰረችልኝና እጇን አጨብጭባ «ዙሩ!» አለች።

ዞሩ። ያን ያህል ጊዜ ጀርባቸውን ብቻ ሳይ የቆየሁ ሰዎች ፊት ነበራቸው። ሽማግሌው ዓይናቸው ይስቃል። ሾፌሩ ግንባሩ ላይ የቦዩ አፈር አለ። ባለ ሱፉ ጉንጩ በፀሐይ ተጠብሷል። ቀና ብዬ ቆሜ ሲያዩኝ፣ የራሳቸው እህት ከሆስፒታል የወጣች ያህል ደስ አላቸው።

ብስክሌቱ ግን አልዳነም። ሾፌሩ አሁን በሕጋዊ መንገድ ቀርቦ አየውና ራሱን ነቀነቀ። «ይሄ ዛሬ አይሄድም፣ እናቴ። ወዴት ነበርሽ ግን?»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ማንም ወዴት እንደምሄድ አልጠየቀኝም ነበር። የቆሙት መንገደኛ ስለሆንኩ ብቻ ነው።

«ወደ ለቅሶ ነበርኩ» አልኩ። «የጓደኛዬ አባት ሞተው። ዛሬ የመጨረሻው ቀን ነው። ሐጂ ዩሱፍ ይባላሉ።»

እርስ በርስ ተያዩ። አንዳቸውም አያውቋቸውም። «ኢና ሊላሂ» አሉ፤ የአይሱዙው ሾፌር አማተበና «ነፍስ ይማር» አለ። ሽማግሌው ዱላቸውን ከመሬት ነቀሉ።

«አላውቀውም» አሉ፤ «ግን ሰማሁ። የሰማ ሰው ይሄዳል።»

ባለ ሱፉ ሰዓቱን አየ። «እኔ እንኳን ስብሰባ ነበረኝ» አለ ለራሱ። ከዚያ ለሾፌሩ «አስነሳ፤ ከአይሱዙው ኋላ ሁን» አለው። ግመል ነጂው መንገዱ በተቃራኒ ስለሆነ እጁን ዘርግቶ ዱዓ አድርጎ ሄደ። ብስክሌቱ ሽንኩርቱ ላይ ተጫነ፤ እኔና ወተት ሻጯ ጋቢና ገባን። «እናንተ ቅደሙ፤ እኔ በአህያዬ እደርሳለሁ» አሉ ሽማግሌው። እንደማይደርሱ እርግጠኛ ስለነበርኩ እጃቸውን ስሜ ተሰናበትኳቸው።

መንደሯ ውስጥ ከአንድ ግራር ሥር ሸራ ተወጥሯል። ከሥሩ ምንጣፎች ዳር እስከ ዳር ተነጥፈዋል፤ የተቀመጡት ግን ስምንት ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው። የጅጅጋ ዘመድ በቤንዚን ቀርቷል፤ የኤረር ዘመድም እንደዚሁ። ሁለት መኪና ተከታትሎ ሲቆም የሳህራ አጎት ከመቀመጫቸው ተነሱ። ወንዶቹ ወደ ሸራው ሄዱ፤ እኔና ወተት ሻጯ በጨርቅ ወደተከለለው ወደ ሴቶቹ ገባን።

ሳህራ ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ናት፤ ወገቧን ታጥቃ ሻይ ታቀርብ ነበር። ስታየኝ ትሪውን ለአንዷ ሰጥታ መጣች። ያቀፍኳት እኔ ነኝ፤ ስንሰቀሰቅ የነበርኩትም እኔ ነኝ። እሷ ዓይኗ ደረቅ ነው። የሦስት ቀን እንቅልፍ ማጣት ብቻ ነው ያለበት።

«ቅቤ ቅቤ ትሸቻለሽ» አለችኝ። «ከማን ጋር መጣሽ?»

«አላውቃቸውም።»

«ስማቸውስ?»

«አልጠየቅሁም።»

ግራ ገባት። በዚህ መሀል ከጨርቁ ወዲያ የአጎቷ ድምፅ ተሰማ። ቆፍጣና ሽማግሌ ናቸው። ባለ ሱፉን ነው የሚያናግሩት። «ልጄ፣ ወንድሜን በምን ታውቀው ነበር?»

ባለ ሱፉ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሐጂን የማወቅ ዕድል አላጋጠመኝም። አንዲት እናት መንገድ ላይ ከብስክሌት ጋር ተያይዘው ስላገኘናቸው፣ ጉዟቸውም ወደዚህ መሆኑን ስለሰማን ነው።»

«ከምን ጋር?»

«ከብስክሌት። ልብሳቸውን በልቶ።»

«በልቶ?»

ወተት ሻጯ ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻለችም። ከአጠገቤ ሆና፣ ለሁለቱም ወገን በሚሰማ ድምፅ፣ እንዴት ጎብጬ እንደቆምኩ፣ ወንዶቹ ተደርድረው ባዶ ሜዳ እንዴት እንደሚያዩ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተረከችው። ሳህራ እጇን ልካ ወገቤ ላይ የታሰረውን ሻርፕ ገለጠች። የጥርሱን ምልክት ከታች እስከ ላይ አየችው። ከዚያ የሻርፗን ጫፍ አፏ ውስጥ ከተተች፤ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አለቀሰች ብዬ ሳቅፋት ሳቅ ነው። ሳቁ ከሆዷ ነው የሚመጣው፤ ልታቆመው ብትሞክር አልቆም አላት። ሳቋ ሳያልቅ መሀል ላይ ድምፁ ተሰበረና «አቦ!» አለች፤ አባቴ ማለቷ ነው። ያኔ ለቅሶው መጣ። ሰው ስትቀበል፣ ሻይ ስታቀርብ፣ ምንጣፍ ስታነጥፍ ሦስት ቀን ያላለቀሰችውን አንድ ላይ አለቀሰችው። ሴቶቹ ሁሉ ተከተሏት። የያዝኳት እኔ ነኝ ብዬ ነበር፤ በኋላ ሳስበው ተያይዘን ነው የቆምነው።

ከቀትር በፊት ሽማግሌው በአህያቸው ደረሱ። ውኃቸውን ለሰላት መታጠቢያ እንዲሆን አውርደው ሲያበቁ ሳህራን «አይዞህ ልጄ» አሏት። መንገድ ላይ መኪና ሲቆም ያየ መኪና ሁሉ ይቆማል፤ አንድ የጭነት መኪና ከነረዳቶቹ፣ ሁለት ነጋዴዎች፣ ማን እንደሞተ ጠይቀው እየገቡ ተቀመጡ። ሳህራ የጨርቁን ጠርዝ በጣቷ ከፈት አድርጋ ወደ ወንዶቹ አየች።

«አባቴ ሰው ይወድ ነበር» አለችኝ ቀስ ብላ። «ሰው ሳይመጣለት ለቅሶው ይዘጋል ብዬ ነበር የፈራሁት።»

ከወዲያ ማዶ አጎቷ ተጨማሪ ምንጣፍ እንዲመጣ ሲጣሩ ይሰማ ነበር። ሳህራ ፊቷን ጠርጋ፣ ምንጣፉን ልታወጣ ወደ ቤት ገባች።